የወደቀችው አስተማሪ

ጥር 14፣ ሰኞ። ጧት 3 ሰዓት።

ክፍልፋይ። ዛሬም ክፍልፋይ፣ ምናልባት ደግመው ቢፈትኑ ብዬ። ሦስት ሰባተኛን ከሁለት አምስተኛ ጋር ደምሪ። ትናንት ሠርቼዋለሁ እኮ! ዛሬ ጭንቅላቴ ባዶ ነው። እርሳሴን አኝኬ ልጨርሰው ነው፤ መልሱ ግን የለም።

አንቺ ደብተር፣ ካንቺ ሌላ የማወራው ሰው አጥቻለሁ። ብርሃኔ ነበረች። አብረን አሥራ ሁለተኛ ጨረስን፣ አብረን ለአውራጃው አስተዳደር ጽ/ቤት የጸሐፊነት ፈተና ተቀመጥን። ያ ሁሉ ሰው፣ ከዱራሜ የመጣው፣ ከጊምቢቹ የመጣው፣ ለአራት ቦታ። እሷ አለፈች። እኔ ወደቅኩ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ውጤቱ ከተለጠፈ ወዲህ ይህችን ቃል ስጽፋት የመጀመሪያዬ ነው። 

ጥምቀትን ከቤት ሳልወጣ አሳለፍኩ። ሆዴን አመመኝ አልኩ። እማዬ እንዳላመነች አውቃለሁ። አባባ እዚያው ጽ/ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ አርጅቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ እስከ ዛሬ ሲገባ ዘበኛው ብድግ ይልለታል። ልጄ በኔ እግር ልትተካ ነው እያለ ለከተማው ሁሉ አውርቶ ነበር። ጉዱ ደግሞ ውጤቱን ቀድሞ ያየው እሱ ነው። በጧት ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ መጥቶ ገና አልተለጠፈም አለኝ! እኔ ሞኟ በተስፋ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ብርሃኔ እያለቀሰች መጥታ ነገረችኝ። ምን ያስለቅሳታል? ያለፈችው እሷ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩቅ ሳያት መንገድ እቀይራለሁ።

ከቀበሌ መልእክተኛ መጣ። ነገ ትፈለጊያለሽ። ምን አጠፋሁ ደግሞ?

ጥር 15፣ ማክሰኞ። ከሰዓት።

ጉድ ፈላ። መሠረተ ትምህርት አስተምሪ ተባልኩ። ያስተምር የነበረው ልጅ ወደ ሙዱላ ተዛወረ፤ ክፍሉ ያለ አስተማሪ ቀረ፤ ዙሩ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። ሊቀ መንበሩ ምን ይለኛል፣ ቤት ከምትቀመጪ። ቤት ከምትቀመጪ! ሰው ሁሉ እየሰማ። ማኅተም ሊያስመታ የተሰለፈው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። እሺ ጓድ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

የወደቀች ሴት አስተማሪ ልትሆን። ሳቂ፣ ደብተሬ።

ጥር 18፣ ዓርብ።

የቀበሌው አዳራሽ፣ ከ9 ሰዓት እስከ 11። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ግማሹ ከገበያ፣ ግማሹ ከጓሮ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ይመጣሉ። ስገባ ተነሡ። ሁሉም! እናቴን የሚያካክሉ ሴቶች። ተቀመጡ ለማለት ድምፅ አጣሁ። ቢያውቁ ኖሮ ይነሡልኝ ነበር?

ከፊት የምትቀመጠው ወ/ሮ ታደለች ትባላለች። ከአንጋጫ ናት፣ ከከምባታ፣ እዚህ ሆሳዕና አግብታ የኖረች፣ ቆጮ ነጋዴ። ጽሕፈቷ ከኔ ይሻላል፤ ምላሷን ከከንፈሯ ጣል አድርጋ ነው የምትጽፈው። ስታነብ ግን ግራ ገባኝ። ጥሩ አድርጋ ትሄድ ትሄድና ድንገት ነዳጅ እንዳለቀበት መኪና ቀጥ። ከዚያ አንድ ቃል ትዘልና ትቀጥላለች። ፊደል ገና ይጎድላታል ማለት ነው፤ ላስጠናት ይገባል ብዬ አሰብኩ። እኔ፣ አራሚዋ።

ስመለስ ብርሃኔን ከሩቅ አየኋት። አዲስ ጫማ። አንድ ሱቅ ውስጥ ዘው ብዬ ገባሁ፤ ባለሱቁ ምን ልስጥሽ ሲለኝ አፈርኩና ክብሪት ገዛሁ። ቤታችን ክብሪት በሽ በሽ ነው።

ጥር 22፣ ማክሰኞ። ጧት።

ማስታወቂያ ወጥቷል። ተጨማሪ ሁለት ቦታ፤ ምዝገባው የካቲት 9 ዓርብ ይዘጋል። አባባ ነው ከውጭ ሰምቶ መጥቶ ለእማዬ የነገራት፣ እኔ እንድሰማ ጮክ ብሎ። ለኔ ግን አልነገረኝም። ጓዳ ሆኜ ሰማሁ።

እማዬ ሌላ ሐሳብ አላት። አዲስ አበባ፣ እህቷ ዘንድ ልሂድ። ሰው እስኪረሳው። እዚያ ማን ያውቅሻል አለች። ይህችን ስትል ደስ አለኝ፤ ደስ በማለቱም አፈርኩ። ማንም የማያውቀኝ ቦታ! የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ እሷው ልታወጣልኝ ነው። አውቶቡሱ ቅዳሜ፣ የካቲት 10።

መመዝገብ ወይ መሄድ። ምዝገባው የሚካሄደው ጽ/ቤቱ በረንዳ ላይ ነው፣ ፊቱ አውራ መንገድ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያይበት። መዝጋቢዋ ማን እንደሆነች ልንገርሽ? ብርሃኔ። አዲስ ገቢ ስለሆነች እሷን አስቀመጧት። እንግዲህ ደግሜ፣ በሰው ፊት፣ እሷ ጠረጴዛ ፊት ልቁም? አልችልም። አልችልም።

የጥናት ፕሮግራም አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። ቀደድኩት።

ጥር 23፣ ረቡዕ።

የቀደድኩትን በሙጫ አያያዝኩት። ክፍልፋይ፣ አንድ ገጽ። ሦስቱ ልክ፣ የቀረው ስሕተት። ቅስሜ ተሰብሮ ነው ወይስ ድሮም ደደብ ነኝ? አንዱን ብትነግሪኝ።

ጥር 25፣ ዓርብ። 12 ሰዓት ሲሆን።

ዛሬ ክፉ ሰው ሆንኩ።

ጧቱን ሙሉ ሒሳቡ እምቢ ብሎኝ ንድድ ብዬ ነው የገባሁት። ለወ/ሮ ታደለች ተራ ሰጠኋት። ምንባቡ፣ ማሳው ታረሰ፣ ማኅበሩ ተሰበሰበ፣ ይላል። ገና ከመነሻው ቀጥ። አንብቢ አልኳት። አንገቷን ደፋች። ደግሜ አንብቢ። ከዚያ አፌ ተከፈተ። ማ የምትባል ፊደል ስንት ጊዜ ተማርሽ፣ ሁለት ፊደል መያዝ ካቃተሽ እዚህ ፊት ለፊት ምን ታደርጊያለሽ፣ ሂጂ ከጀማሪዎቹ ጋር ተቀመጪ። አዎ፣ አንቺ አልኳት! እናቴን የምታክል ሴት!

ተነሣች። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ኋላ አግዳሚ ሄደች። አንዲት አሮጊት ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ደግሞ ጠመኔዬን ይዤ እንደ ጀግና ቆሜያለሁ። የራሴን ውድቀት እሷ ላይ እንደጣልኩት ያኔውኑ ታውቆኛል። ግን አላቆምኩም።

ጥር 26፣ ቅዳሜ።

ለእማዬ ነገርኳት። ጭንቅላቷን ያዘች። የሰው ሚስት በአደባባይ የአማቷን ስም ጥሪ ብለሽ ነው እንዴ አለችኝ። ምን? ምን አማት?

እንዲህ ነው ደብተሬ። በከምባታም በሃዲያም ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ይህን አውቃለሁ፣ እኛም ዘንድ ያለ ነው። እነሱ ግን ከዚያ ያልፋሉ፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምርን ቃል ሁሉ ከአፏ አታወጣም። ሌላ ቃል ትተካለች፣ ካጣች ዝም። ባሊሻ ይሉታል። የወ/ሮ ታደለች አማት አቶ ማዴቦ ናቸው። እንግዲህ ማሳ የለም፣ ማር የለም፣ ማጭድ የለም፣ ማኅበር የለም። እማዬ ከሷ ቆጮ ስትገዛ ስንት ዓመቷ፤ አንድ ቀን ማንኪያ ስትል ሰምታት አታውቅም፤ የሾርባው ነገር ነው የምትለው።

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። የጽ/ቤት ሰው ልጅ ከገበያ ሴቶች ጋር አትውልም ተብዬ አደግኩና አላወቅኩም። ፊደል ጎደላት አልኩ! ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ።

ከሰዓት።

ገበያ ሄድኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ። ቆጮዋን በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም። ቆሜ ቀረሁ። ገዢ መጣ፣ ሄደ። ሌላ ገዢ መጣ፣ ሄደ። በኋላ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅኩም አልኳት። የባሏን ወንድሞች ሚስቶች አነሣችልኝ፤ ሁለቱም እዚያው ክፍል፣ ገና ፊደል ከሚቆጥሩት ጋር ነበሩ፣ ሁለቱም አይተዋል፤ ምን አለችሽ እያሉ ሲስቁባት ነው የዋሉት። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ጠነከረ። ልክ ናት።

ከዚያ ለስለስ አለች። በሷ አማርኛ እኔ ሁልጊዜ ወንድ ነኝ። «አንተ ልጅ ነህ፣» አለችኝ፣ «በፈተናው ተናደህ ነው። ሰምቻለሁ።» ሰምታለች! ሁሉም ሰምተዋል፤ ገና የመጀመሪያ ቀን ስገባ። አውቀው ነው የተነሡልኝ። የት ልግባ?

ለዙሩ ማብቂያ ፈተና ጮክ ብሎ ማንበብ ግዴታ መሆኑን ነገርኳት። ታዲያ እንዴት አልፋለሁ አለች። ፈታኙን እኔ እነግረዋለሁ፣ በጽሑፍ ያሳዩ ወይም ምንባቡን ይቀይርልዎት እላለሁ፣ አያስቡ አልኳት። እሺ አለች። አመነችኝ።

የካቲት 1፣ ሐሙስ።

ሁለት ቀን ደህና ሠራሁ። መቶኛው ገባኝ። ለካ ክፍልፋይ ራሱ ነው! ትንሽ ጮህኩ፣ እማዬ ምን ሆንሽ ብላ መጣች። ልመዘገብ ይሆን? የይለፍ ወረቀቱ ደግሞ ሊወጣ ነው። ወ/ሮ ታደለች ፊት ተመልሳ ተቀምጣለች፤ በማ የሚጀምሩት ቃላት ላይ ስትደርስ በጣቷ ታሳየኛለች፣ እኔ አነብላታለሁ፣ ትቀጥላለች። ማንም አልሳቀም።

የካቲት 5፣ ሰኞ።

ፈተናው ዛሬ ነበር።

ፈታኙ ወጣት ነው፣ ካኪ የለበሰ፣ ከአዲስ አበባ በቅርብ የመጣ። ደረቅ ያለ፣ ግን ባለጌ አይደለም። ገና ሲገባ ከጎኔ ያለውን የሌላ ክፍል አስተማሪ የት መ/ቤት ነው የምትሠራው ብሎ ጠየቀው። ጤና ጥበቃ አለው። ቀጥሎ እኔን ሊጠይቅ ነው። አልጠየቀኝም፣ ሴቶቹን መጥራት ጀመረ። አንድ ነገር ብናገር ግን አንቺስ ማለቱ አይቀርም። ምን ልበል? ቤት ከምትቀመጪ ተብዬ ነው?

ወ/ሮ ታደለች ተጠራች። የደረሳት ምንባብ በማር ይጀምራል። ስለ ንብ ነው፤ መስመሩ ሁሉ ማር፣ ማር። ቆመች። ላብ ግንባሯ ላይ። አንብቢ እንጂ እናት አላት። ወደኔ ዞረች። አንድ ጊዜ ብቻ።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። አፍ አለኝ። ምላስ አለኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ወለሉን አየሁ።

ቀጣይ አለ ፈታኙ። አለቀ። አላለፈችም።

ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 6፣ ማክሰኞ።

ምንም አልሠራሁም። መጽሐፉን ገልጬ ዘጋሁት። እማዬ የይለፍ ወረቀቱን ይዛ መጣች፤ ደስ ብሏታል፣ ልብሴን ማጠፍ ጀምራለች። ቅዳሜ መሄዴ ነው። ማንም አያውቀኝም። እኔ ግን ራሴን አውቃለሁ፣ ምን ይውጠኛል።

ፈተና መውደቅ አሳፍሮኝ ነበር አይደል? ያ ምንም አልነበረም ለካ። በዚያኛው የጣለኝ ሒሳብ ነው። በዚህኛው ማንም አልጣለኝም፤ አፌን ዘግቼ ራሴ ነኝ። ያቺን ሴት በባሏ ወንድሞች ሚስቶች ፊት ሁለተኛ አዋረድኳት።

የካቲት 7፣ ረቡዕ። ከሰዓት።

ሄድኩ። የት? ትምህርት ጽ/ቤት። ከአስተዳደር ጽ/ቤቱ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ በምዝገባው ሰልፍ አጠገብ ማለፍ ግድ ነው። አንገቴን ደፍቼ፣ በፍጥነት። ብርሃኔ አይታኛለች መሰለኝ። ስሜን የሰማሁ መሰለኝ። ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ኃላፊው በዕድሜ ገፋ ያሉ የሶሮ ሃዲያ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እየተንተባተብኩ። ገና ባሊሻ ስል ሳቁ። እናታቸው በሕይወት ዘመናቸው የአንድ ወንዝ ስም ሳይጠሩ ነው የሞቱት። ነገሩ ቀላል ነው አሉ፤ ለፈታኙ ሌላ ምንባብ ስጣት ማለት ነበር። ቀጥሎ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሰኞ ዕለት አፍሽ የት ነበር?» አሉኝ።

ኩም አልኩ። አፍሬ ነው አልኩ። በምን? ፈተና ስለወደቅኩ። የምን ፈተና? በእጄ ወደ ውጭ፣ ወደ ሰልፉ አሳየኋቸው። አንቺ ስላፈርሽ እሷ ትውደቅ አሉ። ጥያቄ ይሁን ፍርድ አላወቅኩም።

ድጋሚ ታነባለች አሉ፤ ከሳምንት በኋላ ረቡዕ። ምንባቡን የክፍሉ አስተማሪ ከፈታኙ ጋር ሆና ትመርጣለች፤ እኔ ከሌለሁ ያው ይደገማል። ትኖሪያለሽ ወይ አሉኝ። ቅዳሜ መንገደኛ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እኖራለሁ አልኩ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ወ/ሮ ታደለች ቤት። ጓሮ እንሰት ትፍቅ ነበር። ነገርኳት። ፍቃ ፍቃ፣ «ይሄን ሰኞ መናገር አቃተህ?» አለችኝ። አዎ አልኩ። ምክንያት አልደረደርኩም። እንደገና ያ ሰው ሁሉ ባለበት መቆም አለብኝ ወይ አለች። አዎ። ፈራች፣ አይቻታለሁ። ከዚያ እመጣለሁ አለች። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ ግን አላለችኝም።

የካቲት 8፣ ሐሙስ።

አዲስ አበባ አልሄድም፣ ነገ እመዘገባለሁ አልኩ። እማዬ ያጠፈችውን ልብስ ዘረገፈችው። ምን ቀርቶሽ ነው እዚህ፣ መሳቂያ ልታደርጊን ነው ወይ አለች፣ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እልህ ይዞኝ ነው እንጂ እሷ ያለችውን እኔም እፈራለሁ።

አባባ ከውጭ ገባ። ሰምቷል። ተቀመጠ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ውጤቱን አይቼ የደበቅኩሽ ባንቺ አፍሬ አይደለም አለኝ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ደጋግሞ አነበበው፣ እየመጣ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚነግረኝ አወጣ አወረደ፣ በር ላይ ሲደርስ አፉ እምቢ አለ። ይኸው ነው አለ። ስንት ቀን ሙሉ በዚህ ሰው ላይ ቂም ይዤ ነበር። አፍ እምቢ ሲል ምን እንደሚመስል ከኔ በላይ ማን ያውቃል።

ነገ አብሬሽ ልሂድ ወይ አለ። አይሆንም አልኩ። ዘበኛው ተነሥቶለት፣ እኔ በሱ ጥላ ገብቼ፣ አይሆንም። ብቻዬን። በጧት። ይኸው ጽፌዋለሁ ደብተሬ፣ እንዳላፈገፍግ።

የካቲት 9፣ ዓርብ። 6 ሰዓት።

ተመለስኩ። 

ሰልፉ እስከ አውራ መንገዱ ወጥቷል። የመጨረሻ ቀን። አብዛኛውን አውቀዋለሁ፤ በፊት አብረን የተፈተንን አሉ፣ የኛ ተከታዮችም አሉ፣ ገና ጨርሰው የወጡ ትኩስ ልጆች። አንዷ እንዴ እርስዎ አስተማሪ አይደሉም አለችኝ፤ እናቷ እኔ ክፍል ናት። ነኝ አልኩ። ከመንገድ ማዶ ሊቀ መንበሩ አለፈ፣ አየኝ። ሁለት ጊዜ ልወጣ እግሬን አነሣሁ። አንዱን ጊዜ እንዲያውም ወጥቼ ቦታዬን አጣሁ፣ ከኋላ ጀመርኩ። ሞኝ።

ደረስኩ። ብርሃኔ ቀና ብላ አየችኝ። ሳቅ አላለችም፣ አላለቀሰችም፤ አለቃዋ ከኋላዋ ቆሟል። ስሜን አልጠየቀችኝም። የኔን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ጻፈች፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ታውቀዋለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ያዝ አደረገች። ወደኔ ጎንበስ ብላ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ አድርጋ፣ ከዚህ በፊት ተፈትነሻል ወይ አለችኝ። እያወቀች። መጠየቅ ግዴታዋ ነው።

በሹክሹክታ መመለስ እችል ነበር። ያንን ዕድል ነበር የሰጠችኝ።

አዎ፣ ተፈትኜ ወድቄያለሁ አልኳት። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፊቴ እሳት ሆነ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። እንዳፈርኩ ነበርኩ፤ ምንም አልቀለለኝም። ብርሃኔ ጻፈችው። ወረቀቱን አዙራ ሰጠችኝ፤ ፈረምኩ።